እጅ የማይረሳው ጥርስ

ሰፈሩ «ሞረዱ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከበር በማትሰፋ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ሲሞርድ የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች፣ ልጁም ባል ተከትላ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ሲገባ «እንዴት ዋልክ» የሚለው የለም። ሬዲዮ ሞክሯል፤ ሬዲዮ ግን ያወራል እንጂ አይጠይቅም።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ትርፍ ቁልፍ አዘዘችው። አንድ አዘዘች፤ እሱ ሁለት ቀረጸ። እሷ ሥራ ስትውል አራት ጊዜ ቤቷ ገባ። የስፌት መኪናዋ ፊት ያለው ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይወጣል፣ በቃ። በአራተኛው ጊዜ ግን ተሰፍቶ ያላለቀ መጋረጃ መሬት ወድቆ አየና አንስቶ አጠፈው። ከዚያ ፈራ፤ ሦስት ወር ቀረ። አላስችል ብሎት ሲመለስ ልብስ ሰፊዋን ልትጠይቅ የመጣች እህቷ በሩ ላይ እጅ ከፍንጅ ያዘችው።

ፖሊስ ጣቢያው ሁለት መንገድ ሰጠ፤ ወይ ክስ፣ ወይ ፊት ለፊት መነጋገር። ክሱ ከሄደ የሞረዱ ሥራ ፈቃድ ይነጠቃል። ልብስ ሰፊዋ «የምጠይቀው አለኝ» ብላ መነጋገሩን መረጠች።

ከጣቢያው ጀርባ ባለች ክፍል፣ አንድ እግሩ ባጠረ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የምታወያያቸው ጡረታ የወጣች መምህርት ነበረች። ዕድሜ ልኳን «ጋሼ» ስትለው የኖረችው ልብስ ሰፊ ያን ቀን «አንተ» አለችው።

«አንተ፣ ምን ወሰድክ?»

«ምንም።»

«እንቅልፌን ወስደሃል! መጋረጃው ታጥፎ ሳገኘው ያበድኩ መሰለኝ። ሦስት ወር መቀስ ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። እቺ እህቴ እንኳ አላመነችኝም።»

«ታዲያ ሌባ ልብስ ያጥፋል ብዬ በየት በኩል ልጠርጥር?» አለች እህቷ። «ትንሽ ቢቆይማ አጥቦም ይተኩስልሽ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ሞረዱ ሸምድዶት የመጣው ይቅርታ መቀሱን ሲሰማ ከአፉ ጠፋ።

«ብቻዬን ሆኜ ነው» አለ።

«እኔስ ከማን ጋር የምኖር መሰለህ?»

መምህርቷ ምን ቢደረግላት እንደሚበቃት ልብስ ሰፊዋን ጠየቀቻት።

«መቆለፊያውን ይቀይርልኝ፤ ክሱን እተወዋለሁ።»

መምህርቷ መጻፍ ጀመረች። ሞረዱ ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ጣቶቹን አየ።

«እኔ የማውቀው ቁልፍ አይጠቅምሽም» አለ። «ጥርሱን አንዴ ካየሁ ዓይኔን ጨፍኜም እቀርጸዋለሁ፤ እጄ አይረሳም። መቆለፊያውን ከሌላ ሱቅ ግዢ። ቁልፎቹን አታሳዪኝ። እኔ ብሎኑን ብቻ አስራለሁ።»

እህቷ አፏን ያዘች። «ሰፈሩ ይህን ከሰማ ማን ያሠራሃል?»

«እውነቱ እሱ ነው» አለ ሞረዱ።

ቅዳሜ ጠዋት መቆለፊያውን ገጥሞ ወደ ውጭ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ በሩን ዘጋችና ቁልፉን ከውስጥ አዞረች። አንዴ፣ ሁለቴ።

«ይዟል?» አለች ከበሩ ጀርባ።

ጆሮውን አስጠጋ። «ይዟል።»

ወንበር ሲጎተት ሰማ፤ ያ ወንበር ነው። ጥቂት ቆይቶ የስፌት መኪናው መንጓጓት ጀመረ። ሞረዱ የመሣሪያ ሳጥኑን አንስቶ ሱቁን ሊከፍት ሄደ። እስከ እኩለ ቀን አንድም ሰው አልመጣም።