በዐቢይ ጾም የተገኘ የፍየል እግር

አመተ ማርያምን የማውቃት ደብረ ብርሃን አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን፣ አንድ ፍሪጅ ለሦስት ቤት ስንጋራ ነው። እሷ የሆስፒታሉ ጠቅላላ ሐኪም፣ እኔ እዚያው ነርስ። ሦስተኛዋ የፍሪጅ ተጋሪ አከራያችን እትዬ ዝናሽ ናቸው። ፍሪጁ የእሳቸው ነው፣ ግቢው የእሳቸው ነው፣ እሳቸው እንደሚያስቡት ከሆነ የእኛም ነፍስ በከፊል የእሳቸው ናት። ማን ቤተ ክርስቲያን ሳመ፣ ማን ተኝቶ አረፈደ፣ አንድም አያመልጣቸውም።

አመተ ማርያም የአንኮበር ቄስ ልጅ ናት። አባቷ ቄስ ገብረአማኑኤል ስፔሻላይዝ ልታደርግ መሆኑን ሲሰሙ «የማህፀን ሐኪም ልትሆን ነው» ብለው በራሳቸው ደመደሙ፤ ለደብሩ ሰውም ነገሩ። እሷ እንዲያ ብላ አታውቅም፤ ግን አላረመቻቸውም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሰካራም የምትገስጽ ሴት አባቷ ፊት ስትቀርብ ምላሷ ይታሰራል።

የምትፈልገው ፕላስቲክ ሰርጀሪ ነበር። ቦታው በጣት የሚቆጠር ነው፣ አመልካቹ ግን ለቁጥር ያታክታል። ያመለከተችበት የአዲስ አበባ ትምህርት ክፍል ደግሞ ከጽሑፉና ከቃለ መጠይቁ ሌላ የስፌት ፈተና አለው፤ ቆዳ ይቀርባል፣ አመልካቹ ይሰፋል፣ አስተማሪዎቹ በትከሻው በኩል አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ይህ በንባብ አይጠናም። ከነቆዳው ያለ የበግ ወይም የፍየል እግር ያስፈልጋል። ፈተናው የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው ተባለ። ስለዚህ ልምምዱ በሙሉ ዐቢይ ጾም ላይ ወደቀ።

በጾም የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። አመተ ማርያም ግን ከአንኮበር ቁልቁል፣ አሊዩ አምባ ገበያ፣ ኑርዬ የሚባል ፍየል አራጅ ታውቃለች። የዚያን ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ነበር የገቡት፤ ኑርዬ ራሱ እየጾመ ለማፍጠሪያ ያርዳል። ደውላ ስትነግረው «ሥጋውን ትተሽ እግሩን ብቻ?» ብሎ ሳቀባትና መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ሁሉ በሚኒባስ ይልክላት ጀመር።

ከሥራ ስንመለስ እኔ እግሩን ግጥም አድርጌ እይዛለሁ፣ እሷ በምላጭ ትቀድና ትሰፋለች። ሰፍታ ትፈታለች፣ ፈትታ ትሰፋለች። ችግሯ ማጥበቅ ነበር። ቆዳ ሲሰፋ ከላላ ይከፈታል፣ ከጠበቀ ደም አጥቶ ይሞታል።

«አጠበቅኩት አይደል?» ትለኛለች።

«ፍየሉ አልጮኸም» እላታለሁ።

አንድ ቀን እትዬ ዝናሽ ድልህ ፍለጋ ፍሪጁን ከፈቱና ፌስታሉን ገለጥ አደረጉ። አራት እግር ከነፀጉሩ፣ ከነሸኮናው። እኛን መጠየቅ ማን አስቦ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የዚያኑ ቀን ጎረቤት አወቀ፣ በማግስቱ ወሬው አንኮበር ደረሰ። የቄስ ገብረአማኑኤል ልጅ፣ ዶክተሯ፣ በጾም ሥጋ ትበላለች ተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት ቄሱ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ መስቀላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። እትዬ ዝናሽ በር ላይ ተሳልመው ቀድመዋቸው ክፍሏ ገቡ፤ ይህ እንዲያመልጣቸው አልፈለጉም።

«ያለውን አምጪው እስኪ» አሏት ቄሱ፣ ሳይቀመጡ።

አመጣች። «አባዬ፣ አልበላሁም። ስፌት ልለማመድበት ነው።»

አንዱን እግር ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ሰፍታ አሳየቻቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው አዩ፤ ፊታቸው እየተፈታ ሲሄድ ይታየኛል። «እኔማ ደንግጬ ነበር» አሉና ተቀመጡ። «ለማህፀኑ ትምህርት መሆኑ ነው?»

እዚህ ላይ «አዎ» ብትል ነገሩ ባለቀ ነበር። በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። እሷ ግን የቄስ ልጅ ናት፣ በጾም አትዋሽም። «አይደለም አባዬ። ፕላስቲክ ሰርጀሪ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

እትዬ ዝናሽ ቀደሟት። «አፍንጫ የሚያስተካክሉት ናቸው አባ፤ በቲክቶክ አይቻለሁ። ያረጀ ፊት ወደ ኋላ ይጎትታሉ።»

ቄሱ የፍየሉን እግር ቀስ ብለው ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። «አመቴ፣ በልተሽ ቢሆን ንስሐ ነበረው። ይኼ ግን እግዜር የሠራውን ማረም ነው። እኔ አልመርቅም።»

ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ማለት ይህ ነው። ለሥጋ የመጣ ቁጣ አፍንጫ ላይ አረፈ። አመተ ማርያም እግሩን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። ያለ አባቷ ምርቃት አንድም ፈተና ተቀምጣ አታውቅም። ወጥ ቤት ተከትያት ስገባ ዕንባዋ እየወረደ ነበር። «ካልመረቀኝ አልሄድም» አለችኝ። «እጄ እሺ አይለኝም።» ተናደድኩ፤ በእሷም በእሳቸውም። ይህን ሁሉ ጾም የፍየል ሸኮና ታቅፌ የከረምኩት ለዚህ ነው?

የዚያን ቀን ሁለታችንም ተረኞች ነበርን። ቄሱም ሕሙማን ላሳልም ብለው አብረውን መጡ። ሆስፒታል ውስጥ ቄስ ከታየ ያው ነው፤ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ተነሥቶ ከበባቸው። አመተ ማርያም ወደ ሥራዋ ሄደች፣ እኔ ካርድ ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

ከተሳላሚዎቹ መካከል ጥሩዬ ነበረች። ከወለጋ ተፈናቅላ ከተማችን መጠለያ ጣቢያ የምትኖር ሴት ናት፤ በየጊዜው እየመጣች «የእጅ ሐኪም አልመጣም?» ትለናለች፣ እኛም «አልመጣም» እንላታለን። መስቀሉን ተሳለመችና በግራ እጇ አማተበች።

«ልጄ፣ በግራ አይማተብም» አሉ ቄሱ ቆጣ ብለው። «በቀኝሽ።»

ጥሩዬ ቀና ብላ አየቻቸውና ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። ጣቶቿ ወደ መዳፏ ታጥፈው፣ ጠባሳው አጣብቋቸው፣ ቡጢ እንደጨበጠች ቀርተዋል። «ድንኳናችን ተቃጥሎ ልጄን ሳወጣ ነው አባ» አለች። «አልዘረጋ አለኝ። በግራዬ ይቀበለኝ ይሆን?»

ቄስ ገብረአማኑኤል ያን የተጨበጠ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ መስቀሉን አሳረፉበት፣ ቶሎም አላነሱት። «ይቀበልሻል» አሉ። ጠዋት የተናደድኩባቸውን ያህል አሳዘኑኝ።

ምሳ ላይ ቄሱ ሽሯቸውን በልተው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ነው የተናገሩት። «ያ እጅ ይዘረጋል?»

አመተ ማርያም የማን እጅ እንደሆነ ገብቷታል፤ ነግሬያታለሁ። «ይዘረጋል አባዬ። ጠባሳው ይለቀቅና ከጭን ቆዳ ተወስዶ ይለጠፍበታል። ግን እኔ አልችልም።»

«ማነው የሚችል?»

«ያን እትዬ ዝናሽ አፍንጫ ያሉትን የተማረ።»

ጢማቸውን አሻሹ። «እግሩን ከኑርዬ ዘንድ ማን ያመጣልሻል?»

«በሚኒባስ ይመጣል። መንገድ ሲዘጋ ይቀራል።»

«ከእንግዲህ እኔ አመጣለሁ።»

እሳቸውም አደረጉት። በገበያ ቀን ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ አሊዩ አምባ ወርደው፣ የፍየል እግር በፌስታል አንጠልጥለው፣ በአንኮበር መሐል፣ ሰው እያየ ይመለሳሉ። የደብሩ አለቃ «አባ፣ በጾም ይኼ ምንድን ነው?» ሲሏቸው «የልጄ ደብተር ነው» አሉ አሉ። ሐሜቱ ከልጅቱ ላይ ወርዶ እሳቸው ላይ ተፈናጠጠ፤ እሳቸውም እንደ ካባ ለበሱት።

እትዬ ዝናሽም ተገለበጡ። ጥልፍ አዋቂ ነኝ ይላሉና በየማታው መነጽራቸውን አድርገው ስፌቱን ይመረምሩ ጀመር። «ይቺ ጠማማ ናት ዶክተርዬ፣ ፍቻት።» አንድ ጊዜ ብቻችንን ስንሆን ግን ጠጋ አሉኝ። «ስትጨርስ ይኼን አገጬን ትንሽ ታነሣልኛለች ይመስልሻል?»

ለፋሲካ አንኮበር ወረድኩ። በጉ ታርዶ ወጡ ሲቀርብ አመተ ማርያም ሽታው አልሆንላት ብሎ አፍንጫዋን ያዘች። አባቷ ሳቁ። «ሀገር በላች ያላት ልጅ ይኸው፣ በፍስክም አልበላ አለች» አሉ። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን አስዘርግተው እፍ እፍ አሉባቸው፤ «ያጠበቅሽው ይላላ፣ ያላላሽው ይጥበቅ» ብለው መረቋት።

ፈተናው ላይ ያቀረቡላት የጎማ ቆዳ ነበር፤ ፀጉር የለው፣ ሽታ የለው። መጀመሪያ ግራ ገባት። ከዚያ ሰፋች፣ ሳታጠብቅ። አንዱ አስተማሪ ጎንበስ ብለው አይተው «የት ነው የተለማመድሽው?» ቢሏት ከድንጋጤዋ የተነሣ «አሊዩ አምባ ገበያ» አለች። ከቃለ መጠይቁ ግን ምንም ያስታወሰችው ነገር የለም። ያም ሆኖ ከተመረጡት ጋር ስሟ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ቄሱ እየደወሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቋታል። «እጅ ላይ ደረሳችሁ?»

«ገና ነው አባዬ። ቁስል እየጠረግን ነው።»

«ምን ያዘገያችኋል?»

በሁለተኛው ዓመት ደረሱ። ጥሩዬን አዲስ አበባ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ቀዶ ሕክምናውን አስተማሪዎቿ ሠሩ፤ አመተ ማርያም አብራቸው ቆማ የመጨረሻዎቹን ስፌቶች ሰፋች።

ዘንድሮ ለደብሩ ንግሥ ከጥሩዬ ጋር አንኮበር ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቄስ ገብረአማኑኤል ሰው ሳይለዩ ያሳልማሉ። ጥሩዬ ደረሰች፣ መስቀሉን ተሳለመች፣ እንደለመደችው በግራዋ አማተበች።

«ልጄ፣ በግራ አይማተብም» አሉ ቄሱ ቀና ሳይሉ። «በቀኝሽ።»

«ልማድ ሆኖብኝ እኮ ነው አባ» አለች እየሳቀች። ቀኝ እጇን አወጣች። ትንሿ ጣት አሁንም ጎበጥ ትላለች፣ ሌሎቹ ግን ተዘርግተዋል። ከግንባሯ ጀምራ ቀስ ብላ አማተበች።

ቄሱ እጇን አዩ፣ ከዚያ ፊቷን አዩ። ከኋላ ሰልፉ እየገፋ ነበር፤ እሳቸው ግን አላሳለፏትም።

«እስኪ ድገሚው» አሏት።

ደገመችው።