በስኳር የተሳበበ ዱላ

ማስተዋል ሁለቱን ዱላዎች መለየት የተማረችው በገዛ አካሏ ላይ ነው።

አንደኛው የስኳር ዱላ ነው። ባሏ ሞላ ስኳሩ ሲወርድ መጀመሪያ ላብ ያጠምቀዋል። ሸሚዙ ከጀርባው ይጣበቃል፤ ምላሱ ይተሳሰራል፤ የልጁ ስም ይጠፋበታል። ከዚያ እጁ ያገኘውን ያነሣል። ሲመታ አያነጣጥርም። ግድግዳውንም፣ ቁም ሣጥኑንም፣ እሷንም እኩል ይደበድባል። ሁለተኛው ዱላ ደረቅ ነው። ላብ የለውም። ቃል አይሰባበርበትም። ሞላ ከመምታቱ በፊት በሩን ይዘጋል።

በሩን መዝጋቱን ልብ እስክትል ሦስት ዓመት ፈጀባት።

ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለችው ጠባብ ክፍል የእሷ ናት፤ ሌላው ክፍል ያልፈለገው ሁሉ ወደዚያ ይላካል። እንቅርቷን በነጠላ የሸፈነች ባልቴት፣ ዓይኑ የቀላ ገበሬ፣ ጭርት የወረረው የአብነት ተማሪ፣ ጆሮው የሚመግል ሕፃን፣ የስኳር በሽተኛ። ማስተዋል አንድ መድኃኒት ስትሰጥ ስሙን ሦስት ጊዜ ታነባለች። ከመደርደሪያው ስታነሣ፣ ስትቀዳ፣ ወደ ቦታው ስትመልስ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የሚያዩ በሽተኞች "ዳዊት እየደገመችልን ነው" ይሏታል። አትሥቅም፤ አትቆጣምም። ትቀጥላለች።

ከዚያ መደርደሪያ ራሷ ያልተጠቀመችበት መድኃኒት ጥቂት ነው። የሞላ ጥፍር የዓይኗን ብሌን የቧጠጠ ጊዜ የዓይን ቅባቱን በመስታወት እያየች ራሷ ቀባችው። በጥፊ የግራ ጆሮዋን ታምቡር የቀደደው ጊዜ ደግሞ፣ የሥራ ባልደረባዋ አልማዝ የጆሮ ጠብታ ይዛ ሮጣ መጣች።

"ተይው፤ ታምቡሩ ተቀዷል" አለቻት ማስተዋል፣ ደሙን በጥጥ እየጠረገች። "ይሄ ጠብታ በቀዳዳው ከገባ ጭራሽ ያደነቁራል። ደረቅ ሆኖ ይቆይ።"

"አንቺ ሴትዮ! ደምሽ እየፈሰሰ ታስተምሪኛለሽ?"

"ዛሬ ካልተማርሽ ነገ አንዱን ታደነቁሪያለሽ።"

በየሦስት ወሩ አልማዝ በሩን ዘግታ የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጋታለች። ማስተዋል አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሶስና፣ ዘጠኝ ዓመቷ። አንበሳሜ እናቷ ዘንድ አስቀምጣታለች። ሁለተኛ ልጅ በዚያ ቤት ውስጥ እንዲወለድ አልፈለገችም። ሞላ መርፌውን ቢያውቅ ይገድላታል። ይህን ስትናገር የታካሚ ክብደት የምታነብ ነው የምትመስለው።

ሞላ ጎሚስታ ነው፤ ወደ ገሳይ በሚያወጣው መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል። ስኳር ከያዘው ስምንት ዓመቱ ነው። ያለ ኢንሱሊን አይውልም አያድርም። ጠዋትና ማታ የምትወጋው ማስተዋል ነበረች። "ሚስቴ ነርስ ሆና እኔ ራሴን ልውጋ?" ይል ነበር፣ ሸሚዙን ገልጦ ሆዱን እየሰጣት።

የመጀመሪያው ዱላ የመጣው ከአምስት ዓመት በፊት በሁዳዴ ነው። ያን ጠዋት ወጋችው። "ሱቅ ሄጄ እበላለሁ" ብሏት ወጣ። አልበላም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመጾም ከራሱ ጋር ተማምሎ ነበር፤ ለእሷ ግን አልነገራትም። ብትሰማ መጠኑን ትቀንስ ወይም ትከለክለው ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ የጎማ ማውለቂያውን ብረት እንደያዘ ቤት ገባ። በመጀመሪያው ምት የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። ወለሉ ላይ እየተሳበች ስኳር በጥብጣ፣ በደህናው እጇ አፉን ይዛ አጠጣችው። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ዓይኑ ጠራ።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?" አላት።

ከዚያ አለቀሰ። እውነቱን ነበር።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ጥላዬ መጥተው ፈረዱ። "ስኳሩ ነው እንጂ እሱ አይደለም። በሽታን ማን ይቀየማል፣ ልጄ?" ሞላንም ከጾሙ ፈቱት።

ሞላ ከዚያ ወዲህ አልጾመም። ይቅርታው ግን ጣመው።

ቀጥሎ የመጣው ዱላ የሽሮው ጨው በመብዛቱ ነበር። ከዚያ ከሥራ በመዘግየቷ። ከዚያ መንገድ ላይ ከታካሚ ጋር በመሣቋ። ሞላ በሩን ዘግቶ፣ መትቶ ሲጨርስ ከእንጨት ዱካው ላይ ቁጭ ይልና እጁን ማንቀጥቀጥ ይጀምራል። "ስኳሬ ወርዶ ነው። ለስላሳ አምጪልኝ።" ታመጣለታለች። ጠጥቶ ያገሳል።

አንድ ቀን፣ ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ማስተዋል ሰለቻት። "አልወረደም" አለችው፤ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። የዚያን ቀን ግን ወርዶ ነበር። ሞላ ከዱካው ላይ ወደቀ፤ ጥርሱ ገጠመ፤ አረፋ ደፈቀ፤ ሰውነቱ ወለሉን ይደበድብ ጀመር። በሞት አፋፍ ላይ ሳለ የደም ሥሩን አግኝታ ግሉኮስ ገፋችለት። ተረፈ።

ታላቅ ወንድሙ ይሻው ወሬውን ሰምቶ ከገሳይ መጣ። ገበሬ ነው፤ ጠብመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ ነው ያናገራት።

"ወንድሜን አንድ ነገር ቢያገኘው፣ ካንቺ ራስ አልወርድም።"

 ጥፋቱ ግማሹ የእሷ ነው ብላ ታምናለች። ሳትለካ ፈርዳለች። ተማሪ ሳለች እንዲህ ያደረገች ጓደኛዋ ከክፍል ተባራለች።

ከዚያ ወዲህ የስኳር መለኪያዋ ከቀሚሷ ኪስ አይለይም። ሞላ መትቶ ሲቀመጥ፣ ከለስላሳው በፊት ጣቱን ትወጋዋለች። እሱም ይሰጣታል። ቁጥሩን ብትናገርስ ማን ያምናታል? በሁለት ዓመት ውስጥ ከመታት ዐሥራ አራት ጊዜ ስኳሩ ከሰባ በታች ወርዶ የተገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከመቶ ስድሳ በላይ። ለቄስ ጥላዬ ነገረቻቸው። "መሣሪያ የሰው ልብ አያይም፣ ልጄ" አሏትና አስታርቀው መለሷት። ሦስት ጊዜ መለሷት።

በሚያዝያ መጨረሻ ሞላ ሁለት ጣቷን በበር መዝጊያ ጨፈለቀ። ማስተዋል ሸሽታ አልማዝ ቤት ተጠለለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሽማግሌ ቀን ተቆረጠ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሞላ ቤት። ነገሩ ግልጽ ነበር። ከታረቀች ወደ ቤቱ ትመለሳለች። እምቢ ካለች በሽተኛ ባሏን ጥላ የሄደች ናት፤ ይሻውም ሶስናን ከአንበሳሜ አምጥቶ ገሳይ ያስቀምጣታል። ይህን ምሎ ተናግሯል። ይሻው የማለውን ያደርጋል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ቄስ ጥላዬ፣ ይሻው፣ ሦስተኛው ጋሽ ሙላቴ፤ ጎረቤት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። ሞላ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ጠበቃቸው።

"ምሳ በልተሃል?" አለችው ማስተዋል ገና ሳትቀመጥ።

"በልቻለሁ።"

"መርፌውንስ?"

"ራሴ ተወግቻለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴ ነኝ የምወጋው።"

"አየሽ?" አለ ይሻው። "በሽተኛ ሰው ብቻውን ጥለሽ።"

"አልሞተም" አለች።

ጋሽ ሙላቴ ሣቅ አመለጣቸውና በሳል ሸፈኑት። ቄስ ጥላዬ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ጀመሩ። ስለ ኪዳን ተናገሩ፤ ስለ ትዕግሥት ተናገሩ፤ ስለ በሽታ ተናገሩ። ሞላ ራሱን ዝቅ አድርጎ "አዎ አባቴ" ይላል። ሲጨርሱ ወደ እሷ ዞሩ።

"እንግዲህ ልጄ፣ እግዚአብሔርም እኛም እየለመንንሽ ነው። ምን ትያለሽ?"

"አልመለስም፣ አባ።"

ሞላ ብድግ አለ። ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ዘጋው።

ማስተዋል ለመነሣት ጊዜ አልነበራትም። የጎማ ማውለቂያውን ብረት ከበሩ ጥግ አንሥቶ ሲዞር የመጀመሪያው ምት መንጋጋዋ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙት። ሁለተኛውን በክንዷ መከተችው። ሦስተኛውን ሳያሳርፍ ይሻው ከኋላ በሁለት እጁ ጠመጠመው።

"ስኳሬ!" ጮኸ ሞላ። "ስኳሬ ወርዷል!"

"ስኳር ስጡት!" ቄስ ጥላዬ ተነሡ። "ለስላሳ፣ ቶሎ በሉ!"

ጋሽ ሙላቴ ለእንግዳ የቀረበውን የለስላሳ ጠርሙስ አንሥተው ከፈቱት።

ማስተዋል ከወለሉ ላይ እጇን ዘረጋች። አፏ በደም ተሞልቶ ስለነበር ቃሉ ሁለት ሆኖ ወጣ። "አት... ስጡት።" መለኪያዋን ከኪሷ አወጣች። በጉልበቷ እየዳኸች ሄደች።

"እጁን ያዙልኝ።"

ይሻው ወንድሙን እንደጠመጠመ ነው። ጋሽ ሙላቴ የሞላን ክንድ ያዙ። ማስተዋል ጣቱን በአልኮል ጠረገች። ለስላሳ ወይም ስኳር የነካው ጣት ቁጥሩን እንደሚያሳስት ታውቃለች፤ እስኪደርቅ ጠበቀች። ከአገጯ የሚንጠባጠበው ደም ቀሚሷ ላይ ይወርዳል። ወጋችው። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠረገች፤ ሁለተኛዋን ወሰደች። አምስት ሰከንድ። ሳታነብ ለጋሽ ሙላቴ ሰጠቻቸው።

መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። "ሁለት መቶ ዐሥራ አራት።"

"ምን ማለት ነው?" አሉ ቄስ ጥላዬ።

 ጋሽ ሙላቴም ስኳር አለባቸው፤ በየወሩ በዚያችው ክፍል የሚለኩ የማስተዋል ታካሚ ናቸው።

"አባ፣ ወረደ የሚባለው ከሰባ በታች ነው" አሉ። "ይሄ ወጥቷል። እኔ ስኳሬ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሆኖ ፈተና አርሜያለሁ።"

"ተሳስቶ ይሆናል!" አለ ይሻው።

ማስተዋል ሌላውን እጅ ያዘች። ጠረገች፤ አደረቀች፤ ወጋች። ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ።

"ወደ ኋላ... ተጫኑት" አለቻቸው። መለኪያው የለካውን ሁሉ ከነቀኑ ያስቀምጣል። ጋሽ ሙላቴ እየተጫኑ፣ የፈረንጁን ቀን በሐሳባቸው ወደ እኛ እየመለሱ አነበቡ።

"የሚያዝያ ሃያ ስድስት፣ መቶ ሰማንያ ሰባት። የየካቲት ዐሥር፣ ሁለት መቶ ሦስት። ጃንዋሪ ሃያ... ጥር ዐሥራ ሁለት ማለት ነው። መቶ ዘጠና ስድስት።"

"ቃና ዘገሊላ" አሉ ቄስ ጥላዬ። ያን ዕለት መጥተው አስታርቀው፣ ከሞላ ጋር ከአንድ መሶብ በልተው ሄደዋል። ተመልሰው ተቀመጡ።

ያኔ ነው ሞላ ማስመሰሉን የተወው። መንቀጥቀጡን አቆመ። በግንባሩ የጋሽ ሙላቴን ፊት ገጨ፤ መነጽሩ ዓይናቸው ሥር ተሰባበረ። "ቤቴ ነው! ሚስቴ ናት!" እያለ የይሻውን እጅ ነከሰ። ይሻው ለቀቀው፤ ብረቱን ከወለል አነሣ።

የመጀመሪያውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈበት። ሞላ ወደቀ። ይሻው አላቆመም። "በኔ አፍ! በውሸትህ ነው ያስማልከኝ!" ይላል፣ በእያንዳንዱ ምት መሐል። የሞላ ክንድ በማይታጠፍበት በኩል ታጠፈ። በዚያ ቤት ዱላው እጅ ቀየረ እንጂ አልቆመም። ማስተዋል "በቃ" አለች፤ ማንም አልሰማትም። ተነሥታ በመሐላቸው ገባች። ይሻው ብረቱን ከፍ እንዳደረገ አያት። ብረቱን ጣለ።

ጎረቤት በሩን ገንጥሎ ሲገባ ሞላ ወለሉ ላይ ያቃስት ነበር። አንዱ ፖሊስ ሊጠራ ሮጠ። ማስተዋል በሻሽ መንጋጋዋን እያሰረች ወደ ሞላ ጠቆመች፤ በደህናው እጇ ሌባ ጣት የሰዓቱን ምልክት ሠራች፤ ከዚያ የመርፌ። ለፖሊሶቹ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ኢንሱሊን ካላገኘ እስር ቤት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ጋሽ ሙላቴ ገባቸው፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወረቀት ላይ ጻፉት።

በዚያው ወረቀት ጀርባ ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን አሰፈሩ። ዕርቅ የለም። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ቄስ ጥላዬና ጋሽ ሙላቴ ፈረሙ። ይሻው መጻፍ አይችልም፤ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ቀለም አልተፈለገም፤ ጣቱ በደም ርሶ ነበር።

ቄሱ እስከ ባጃጁ ድረስ ደግፈው ወሰዷት። ባለባጃጁ ደሟን አይቶ ወንበሩ ላይ ጆንያ አነጠፈ። ቄስ ጥላዬ ጥምጥማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው በባጃጁ በር ጎንበስ አሉ።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ሦስት ጊዜ መለስኩሽ።"

አልመለሰችላቸውም። መንጋጋዋ ተሰብሯል። ባይሰበርም አትመልስላቸውም ነበር።

ባጃጁ ወደ ሆስፒታል ወረደ።