ከራሴ በላይ የሚያዩት ሰዎች

ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ከፒያሳ ብዙም አይርቅም፤ የተከራየኋት ክፍል ግን መናኸሪያው አጠገብ ስለነበረች ጎህ ሳይቀድ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይቀሰቅሰኛል። አገር ሁሉ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። የሥራ ቀን እንደምንም ያልፋል። ማስተማሩ አለ፣ ከሱ ቀጥሎ የውይይት ክበብ አለ፣ ክበቡ ሲበተን የቀበሌ ስብሰባ አይጠፋም። ጉዱ እሑድ ነው። ስብሰባ የሌለበትን እሑድ ምን ላድርገው? ሐይቁ ዳር ብወርድ የማገኘው ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚንሸራሸሩ ሰዎችንና አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ነው። አባ ኮዳ ብቻውን ሲቆም ያምርበታል። ብቻዋን የቆመች ሴትን ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል።

አዋሳ መመደቤን ስነግራት አክስቴ ፊቷን አጥቁራ ነበር። ናዝሬት ላይ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የእናቴ ታላቅ እህት። እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች። አባቴ ግንበኛ ነበርና የካቶሊክ ሚሲዮን አዋሳ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠራ፣ ሥራ አገኘሁ ብሎ እኔን በጨርቅ እንደተጠቀለልኩ ለአክስቴ አስረክቦ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ለሌላ ሥራ አርባ ምንጭ ወርዶ ወባ ገደለው፤ መቃብሩን የሚያውቅ ሰው እንኳ የለም። "የሚስቱ አፈር ሳይደርቅ ግንቡን ብሎ የሄደ ሰው ነው" ትለኝ ነበር አክስቴ በተናደደች ቁጥር። ቤታችን ውስጥ አንድም ፎቶ የለውም። ከሱ ወረስሽው የምትለኝ ጆሮዬን ብቻ ነው። "ይሄን ሰፌድ የሚያህል ጆሮ ከኛ ወገን አላመጣሽውም!"

ስለዚህ በመጀመሪያው ባዶ እሑድ ወደ ሚሲዮኑ ሄድኩ። ለጸሎት አልነበረም። የአባቴን ፊት ፍለጋ ነው። ፊቱን ባየው፣ ለእናቴ አዝኖ እንደሆነና እንዳልሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ አክስቴ ስትናደድ የምትነግረኝን ሰው ብቻ ይዤ መኖር ሰልችቶኛል።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ፤ ካኪ ካፖርት የለበሱ፣ ራሳቸውን እስከ ቅንድባቸው በፎጣ የጠመጠሙ። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸውና ገባሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ሰም ሰም ይሸታል። በግድግዳው ጥግ እየሄድኩ ድንጋዩን በእጄ ዳሰስኩት። ሁሉም ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው፤ የትኛውን እሱ እንዳስቀመጠው አይናገርም።

ከጀርባው ሙዚየም የሚሏቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። ቁልፉን የሚይዙት አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ሲስተር ነበሩ። በዚያ ዘመን መምህር ቤተ ክርስቲያን ሲያዘወትር በደህና ዓይን አይታይም፤ እንግዳ የሚባል ብርቅ ስለሆነባቸው ሲያዩኝ ሊስሙኝ ምንም አልቀራቸውም። በመጀመሪያው ክፍል የሲዳማ ባላገር ዕቃ ነው ያለው፦ የእንሰት መፋቂያ፣ ጋሻ፣ የወተት ዕቃ። በሁለተኛው የመጀመሪያው ቄስ ብስክሌት፣ ብል የበላው ልብሳቸው፣ የተሰነጠቀ ደወል፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ ፎቶዎች። ከፎቶዎቹ አንዱ ግንበኞቹ ናቸው። ግማሽ በደረሰ ግድግዳ ፊት ተሰልፈው፣ ሁሉም እየሳቁ።

"አባቴ ከነዚህ አንዱ ነው" አልኳቸው።

ሲስተሯ እጃቸውን አጨበጨቡ፣ ከዚያ አዘኑ። "እኔ የመጣሁት ግንቡ ካለቀ በኋላ ነው፣ ልጄ። የሚያውቋቸው የመጀመሪያው ቄስ፣ አባ ነበሩ። እሳቸውም አገራቸው ገብተው ዐረፉ።"

የሚጠየቅ ሰው ከሌለ ራስ መምረጥ ነው። እኔም መረጥኩ። በስተቀኝ በኩል ጆሮው ከራሱ ቀድሞ የሚታይ ጎልማሳ አለ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? እሱ ነው አልኩ፤ አባት አገኘሁ።

ከዚያ በኋላ እሑዶቼ ሰው ያላቸው ሆኑ። ሲስተሯ በሩን ከፍተውልኝ ወደ ጸሎታቸው ሲሄዱ ፎቶው ፊት ቆሜ አወራዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ ያስቀየመኝን፣ አከራዬ ውኃ የከለከለችኝን፣ ሻይ ጠጥቼ የመጣሁት ለብቻዬ መሆኑን እነግረዋለሁ። አንዳንዴም እቆጣዋለሁ፤ "አንተ፣ ምን ያስቅሃል? ሚስትህ ሞታ የለም እንዴ?" እለዋለሁ። አንድ ነገር ግን ያናድደኝ ነበር። አያየኝም። እሱም ጓደኞቹም ቀና ብለው ከራሴ በላይ ነው የሚያዩት። አጭር ስለሆንኩ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ክረምት ገባ። አንድ እሑድ ዝናቡ ሲያወርደው አርፍዶ የሙዚየሙ ጣሪያ አፈሰሰ። ሲስተሯ ባልዲ ይዘው ሲሯሯጡ ደረስኩ። ዘበኛውን ጠሩና ሦስታችንም ፎቶዎቹን ከግድግዳ እያወረድን ወደ ደረቁ ክፍል ማሸሽ ጀመርን። ዘበኛው ያንን ፎቶ አነሱና በካፖርታቸው እጅጌ መስተዋቱን ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ከዚያ ድንገት ሳቃቸውን ለቀቁት።

"ኧረ ጉድ! ይሄ እኮ እኔ ነኝ!"

ጣታቸው ያረፈው አባቴ ላይ ነው።

"እርስዎ?" አልኩ።

ፎጣቸውን ከራሳቸው ፈቱ። ጆሯቸው ግራና ቀኝ ብቅ አለ። ከፎቶው ቅንጣት አልቀነሰም። "ሚሲዮን ሲሠራ ጭቃ አቡኪ ነበርኩ" አሉ ለሲስተሯ። "አልጠየቃችሁኝም። ዘበኛ ሙዚየም ገብቶ ምን ያያል ብዬ እኔም አልገባሁ።"

ለወራት አንተ እያልኩ የተቆጣሁት ሰው አንቱ ሆኖ ፊቴ ቆመ። በየሳምንቱ በር ላይ ሰላም ብዬው የማልፈው ሰው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቀኝ ነበር። ያን ቀን ግን አባቴ ሁለተኛ የሞተብኝ ያህል ሆነብኝ።

"ከናዝሬት የመጣ ግንበኛ ነበር?" አልኳቸው እንደምንም።

"የናዝሬቱ! እንዴት አይኖርም? ዋናው ግንበኛ እሱ አይደል?"

"የትኛው ነው?"

ፎቶውን አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እዚህ ውስጥ የለም። አባ ፎቶ አንሺ ሲያመጡ ሁላችን ታጠብን። እሱ ግን እምቢ አለ። 'ሐዘን ላይ ነኝ፣ ፎቶ አልነሳም' አለ። ሚስቱ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። አባ ለመኑት፣ አለቃውም ተቆጣው። በጄ አላለም።"

ሲስተሯ እጄን ያዙኝ። ዘበኛው አላስተዋሉም፤ ወሬው ጣፍጧቸዋል።

"ከፎቶ አንሺው ኋላ የድንጋይ ክምር ነበር። እዚያ ላይ ወጥቶ ቆሞ ያየናል። እኛ ፎቶ ፈርተን እንደ ግንድ ቆመናል። ያኔ እሱ ከላይ ሆኖ 'አንተ፣ ጆሮህን ሰብስብ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ጋረድከው!' አለኝ። የራሱ ጆሮ ከኔ ይበልጣል እኮ! ሁላችን ወደሱ አይተን ሳቅን። ፎቶ አንሺው ያኔ ነው ያነሳው።"

"አባቴ ነው" አልኩ።

ዘበኛው ፎጣቸውን እጃቸው ላይ ጠቀለሉት፣ መልሰው ፈቱት። ጆሮዬንም አዩት መሰለኝ።

"ፊቱ ምን ይመስል ነበር?"

ብዙ አሰቡ። እንዲዋሹኝም ተመኘሁ። "ልጄ፣ ለሐዘኑ ጢሙን አልተላጨም ነበር። እዚህ እስካለ ድረስ አልተላጨም። እኔ የማውቀው ጢሙን ነው። ፊቱን አላየሁትም።"

"ስለኔስ ያወራ ነበር?"

"ሴት ልጅ አለችው ይባላል። እሱ ግን ስለ ቤቱ ሲጠይቁት ተነስቶ ይሄዳል።"

ዝናቡ አባራ። ፎቶውን ቦታው መልሰን ሰቀልነው። ዘበኛው ወደ በራቸው ሄዱ፣ ሲስተሯ ባልዲውን ሊደፉ ወጡ። ብቻዬን ስቀር ወንበር ሳብኩና ወጣሁበት። የድንጋዩን ክምር ያህል ከፍ ካልኩ ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን ብዬ ነው። አልሆነም። በጫፍ እግሬ ቆምኩ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተንጠራራሁ። ሰዎቹ እየሳቁ አሁንም ከራሴ በላይ ያያሉ። እዚያው ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ አለቀስኩ፤ አክስቴ ሃያ ዓመት ስለተሳሳተች፣ እኔም ይህን የምነግረው ሰው አዋሳ ውስጥ ስለሌለኝ።

አባቴ እዚያው ነበር። እነሱ ያዩታል፣ እኔ አላየውም።