ጣሪያው ሲያጉረመርም የሰማሁት እኔ

አንድ ክረምት ኮሎራዶ የበረዶ ሸርተቴ ሆቴል ውስጥ ሰሃን አጥቤ ስመለስ፣ እዚህ የአሜሪካዋ አሌክሳንድርያ የበረዶ ሊቅ ሆኜ ቁጭ አልኩ። የተራራው ሠራተኞች በረዶውን በአካፋ ቆርጠው ንብርብሩን ሲመረምሩ ቆሜ አይቻለሁ። ከሥር የሚያንሸራትት ነገር ካለ፣ ከላይ የተከመረው ይናዳል፤ ከመናዱ በፊትም አንዳንዴ ያጉረመርማል። በዚህች ዕውቀት ላንድማርክ በሚባለው ሰፈራችን አካባቢ ያላሰለቸሁት ሐበሻ አልነበረም።

በ2010 ፌብሩዋሪ ያ ጉደኛ በረዶ በላይ በላዩ ጣለብን። እሑድ የቤተ ክርስቲያናችንን ደጅ ስጠርግ ቀና ብዬ የቆርቆሮውን ጣሪያ አየሁ። የፊተኛው በረዶ ቀልጦ እንደገና ረግቷል፤ አዲሱ በላዩ ተቆልሏል፤ ፀሐይዋ ደግሞ ጠንክራለች። አልወደድኩትም።

ልክ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የጉባኤያችን ሽማግሌ ቆመው፣ ለነርስነት ፈተና ለምትቀመጥ አንዲት እህት እጃቸውን ጭነው ይጸልያሉ። እሳቸው ሲጸልዩ ቶሎ አይጨርሱም። ዙሪያቸውን የቆመው ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ከእኔ በቀር። ጣሪያው አጉረመረመ። ድምፁን አውቄዋለሁ። «ጋሼ፣ ዞር ይበሉ!» ማለት ምን ይከብድ ነበር? ግን ሽማግሌ እየጸለየ ማን አፍ ይከፍታል? ሰው ምን ይለኛል ብዬ አሜን እስኪሉ ጠበቅኩ።

አሜን ሳይሉ በረዶው ከጣሪያው ተናዶ ወረደ። እህቲቱ ግድግዳውን ተጠግታ ስለነበር አልነካትም። እሳቸውን ግን ሙሉ በሙሉ ዋጣቸው። አካፋው እንዳያገኛቸው ፈርቼ በእጄ ቆፈርኩ፤ ፊታቸው ጋ ስደርስ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። አምቡላንሱ ሲሄድ ያቺው እህት አቅፋኝ፣ «ጌታ ነው አንተን እዚህ ያቆመህ፣ ባትኖር እኮ ሞተው ነበር» ብላ አለቀሰች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ ፌርፋክስ፣ ዳሌያቸው እስኪያገግም ሪሃብ ወደገቡበት ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ ነበር። አልጋቸው ጠርዝ ላይ አስቀመጡኝና እጄን ያዙ።

«ጋሼ፣ የዚያን ቀን ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተወው ልጄ፣ ራስህን አታስጨንቅ» አሉኝ። «ሰዎች፣ ያ ልጅ በረዶ ያውቃል፣ እንዴት ሳያይ ቀረ ሲሉ ሰምቼ ተቆጥቻቸዋለሁ። ቢያይ ኖሮማ ይጮህልኝ ነበር አልኳቸው። አይደለም እንዴ?»

«አዎ ጋሼ» አልኳቸው።