የልጄ የቀን እንቅልፍ

መቼ እንደሆነ ብትጠይቁኝ በትክክል አላውቀውም። ጥር ይሁን ሚያዝያ ተምታቶብኛል። የሰርግ ወራት እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ፣ ያን ቀን ያንገበገበኝ የጎረቤት ሰርግ ነውና።

ልጄ ፓይለት ናት። ይህን ለቃሊቲ ሰፈራችን ሰው ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እግዜር ይወቀው። «ሆስተስ ማለትዎ ነው?» ይሉኛል። አይደለም፣ አውሮፕላኑን የምታበርረው እሷ ናት እላለሁ። «እሺ» ይሉና በሳምንቱ «ሆስተሷ ደህና ናት?» ብለው ይጠይቁኛል። እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት የእንቅልፏን ነገር ነው።

ማታ የምትበርር ከሆነ ቀን መተኛት አለባት፣ ሕጋቸው ነው። እንቅልፍ ካላገኘች ደውላ «አልተኛሁም፣ መብረር አልችልም» ማለት ግዴታዋ ነው። ወንዶቹ እንዲህ ብለው ሲቀሩ ማንም ምንም አይላቸውም። «እኔ ከቀረሁ ግን፣ አባዬ፣ ድሮስ ሴት ነው የሚሉት» አለችኝ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ እሷ ስትተኛ እኔ ዱካዬን አውጥቼ የግቢው በር ላይ እቀመጣለሁ።

ያን ቀን ገና ጋደም ከማለቷ የሙሽራው እናት ብረት ድስት ልትዋስ መጣች። የግድግዳ ጎረቤታችን ናት።

«ልጅቷ የለችም እንዴ?»

«ተኝታለች።»

«በጠራራ ፀሐይ? አሟታል?»

«አላመማትም። ማታ ሥራ አላት።»

«ማታ» አለችና አየችኝ። እንዴት እንዳየችኝ አልጽፈውም። «እስቲ ይቀስቅሷት ጋሼ፣ ሰላም ብያት ልሂድ።»

እኔ የክር ፋብሪካ ዘበኛ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌሊት ጠብቄ ቀን ተኝቻለሁ። ያኔ ይህችው ሴትዮ ናት «ዝም በሉ፣ ጋሼ ተኝተዋል» እያለች ልጆቿን ከደጄ ስታባርር የነበረችው። ኳሳቸውን እንኳ አስፋልት ተሻግረው ነበር የሚጫወቱት። እኔ የጠበቅሁት ጥጥ ነው። ልጄ የምትይዘው ሰው የሞላበት አውሮፕላን ነው። ለጥጥ ጠባቂው ሰፈሩ ጸጥ አለለት፣ ለእሷ ሲሆን «ይቀስቅሷት»።

ይህን ሁሉ በአፌ አልተናገርኩም። «ድስቱን ውሰጂ» ነው ያልኳት።

ድስቱ ሲወጣ ሞንታርቦው ገባ። ጎረምሶች ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ተሸክመው መጡና ልክ የልጄ መኝታ ባለበት ግድግዳ አስጠግተው ተከሉት። ጭፈራው ማታ ነው፣ ይሄ ሙከራ ነው አሉ። ሲከፍቱት የቆርቆሮ አጥሬ ተንቀጠቀጠ። ተነስቼ ሄድኩ።

«ልጆቼ፣ እባካችሁ፣ ልጄ ተኝታለች። ማታ ትበርራለች።»

«አባባ፣ ትንሽ ትጨፍርና ትበርራለች» አለ አንዱ። ሳቁ።

የሙሽራው እናት ከሰርጉ ድንኳን ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች «ሴት ልጅ ቀን ትተኛ ብሎ ማን አዘዘ?» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለሽንኩርቱ እንደምትናገር ሁሉ አንገቷን ደፍታ።

ስመለስ ልጄ በሩ ላይ ቆማለች፣ ስልኳ በእጇ።

«አባዬ፣ ልደውል ነው። ከዚህ በኋላ ብነግራቸው ይረፍድባቸዋል።»

«ትንሽ ታገሺኝ» አልኳት። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር። ዞሬ እንዳልለምናቸው ለምኛለሁ፣ እንዳልጣላ አላውቅበትም።

ያን ጊዜ ሙዚቃው ቀጥ አለ።

«ሄደ» አለ አንዱ ጎረምሳ። «መብራት ሄደ፣ ይሄን ጊዜ ጠብቆ» አለ ሌላው። እኛ ሰፈር መብራት ሄደ ከተባለ ማንም አያጣራም። መብራቱን እየረገሙ ጄኔሬተር ፍለጋ ወደ ሳሪስ ሄዱ። ልጄ ስልኳን ኪሷ ከታ ተመልሳ ተኛች።

እኔም ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ውሃ ልገዛ ገባሁ። የሱቁ ፍሪጅ ያጉረመርማል። ፍሪጁን አየሁት፣ ባለሱቋንም አየኋት። ስኳር እየመዘነች ነው።

«ገመዳቸው ከእኔ ቆጣሪ ነው የተሳበው፣ ጋሼ» አለች ቀና ሳትል። «ለሰርጉ ብለው ለምነውኝ ነው የሰጠኋቸው። ሰርጉ ደግሞ ማታ ነው፣ ሲመሽ እሰካላቸዋለሁ።»

ጎረምሶቹ ጄኔሬተር ሳያገኙ መሸ። ልጄ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጣች፣ መኪና መጥቶ ወሰዳት። የሙሽራው እናት ከድንኳኑ ብቅ ብላ «ሆስተሷ ሄደች?» አለችኝ። ሄደች አልኳት።

ሰፈሩ እስከ ዛሬ መብራት የሄደ ይመስለዋል። እኔን ከዚያ ጭንቅ ያወጣችኝ ግን ከስልጤ የመጣችው ጎረቤቴ፣ ባለሱቋ ናት።