የእናቷ አራት ሰዓት

ማንተገብሽ የረሆቮትን ባቡር ጣቢያ መጥረግ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የቴል አቪቩ ባቡር በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚነሳ የሚጠይቃት መንገደኛ አይጠፋም፤ መጥረጊያዋን ሳታቆም ትነግረዋለች፣ ተሳስታም አታውቅ። ወገቧ ግን አልቋል። ክርያት ሞሼ ያለው ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ ማታ ማታ በየደረጃው አረፍ እያለች ትወጣለች።

ወደ እስራኤል በመጣችበት ግርግር አዲስ አበባ ላይ ከባሏ ጋር ስትሳፈር፣ የእናቷ የእማማ ይታይሽ ስም ከተጓዦቹ ዝርዝር ጠፋ። “ትንሽ ይቆዩ፣ ይከተላሉ” ተባለ። ትንሹ አሥራ አምስት ዓመት ሆነ።

ልጇ ሜይታል አንድ ቀን ኮምፒውተር ላይ ፈልጋ፣ “ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኢማ። አራት ሰዓት በረራ” ብትላት ማንተገብሽ ሳቀች። የሳቀችው ከንዴት ነው። በአራት ሰዓት ለሚያልቅ መንገድ ሰውን አሥራ አምስት ዓመት ምን ያስጠብቀዋል?

በዚህ ሰኔ የእናቷ የመግቢያ ፈቃድ መጣ። እማማ ይታይሽ ከአዲስ አበባ ደወሉ።

“ነገ በአራት ሰዓት እንነሳለን። ስንወርድ በሩ ላይ እንዳላጣሽ፤ ከሰው ሁሉ በፊት ያንቺን ፊት ነው ማየት የምፈልግ።”

“አታጪኝም፣ እማዬ።”

ማንተገብሽ አሰላችው። ከሰዓት በኋላ አራት፣ በረራው ሲጨመርበት ማታ ስምንት። የጠዋት ፈረቃዋን ሠርታ፣ ገላዋን ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ በጊዜ ትደርሳለች።

በማግስቱ ፈረቃዋን ልትጨርስ ስትል ፔሌፎኗ፣ የእጅ ስልኳ፣ ጮኸ።

“የት ነሽ ልጄ?”

“እማዬ? አልተሳፈራችሁም እንዴ?”

“ኧረ ወርደናል። በሩ ላይ ቆሜ የሴቱን ሁሉ ፊት አየሁ። አሁን አውቶቡስ ውስጥ አስገቡን፤ ስልኩም የሰው ነው።”

“በአራት ሰዓት አላልሽኝም?”

“በአራት ነው የተነሳን። ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል። ማንተ፣ ያገርሽን ሰዓት ረሳሽው?”

ረስታዋለች። እዚያ ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ የእናቷ አራት ሰዓት እዚህ ከረፋዱ አሥር ነው። የሰውን ሁሉ ባቡር በደቂቃ የምታውቅ ሴት፣ የእናቷን አውሮፕላን በስድስት ሰዓት ልዩነት ሳተችው። አፈረች፤ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማ አለቀሰች።

አለቃዋ ሚሪ ነገሩን ስትሰማ “ያላ፣ ሂጂ” አለቻት። አዲስ ገቢዎቹ የተወሰዱት ገሊላ ወዳለ መርካዝ ክሊታ፣ ወደ መቀበያው ሰፈር ነበር። ማንተገብሽ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ሁለት ባቡርና ሁለት አውቶቡስ ያዘች። መንገዱ አራት ሰዓት ፈጀ፤ ልክ እንደ አውሮፕላኑ።

እማማ ይታይሽ ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጥረዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ።

“ስንት ሰዓት ሆነ?” አሉ በኋላ።

ማንተገብሽ የእጅ ሰዓቷን አየች። ሰባት ልትል አፏን ከፍታ ተወችው፤ በጣቶቿ ስድስት ቀነሰች።

“አንድ ሰዓት ነው፣ እማዬ። የምሽቱ አንድ ሰዓት።”

“እንግዲያማ ብዙም አልመሸብንም” አሉና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ።