እህቴ ደመወዟን የተወች ዓመት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከገበያ ስመለስ፣ አዲስ ቤት በሚመርግ ሰውዬ አጠገብ አለፍሁ። ጭቃው ጭድ ገብቶበት ሳምንት ያህል የቦካ ነው። ያ ኮምጠጥ ያለ የእርጥብ አፈርና የበሰበሰ ጭድ ሽታ እግሬን ያዘው። ሰውየው ቀና ብሎ «ምነው፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?» አለኝ። ምንም አልጠፋብኝም ብዬው መንገዴን ቀጠልሁ። ዋሸሁት። በዚያ ሽታ ውስጥ እህቴ ቆማለች፤ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ከሌላ ልጅ ጋር እየሳቀች።

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት የሆነ ነገር ነው። እናታችን የሞተችው ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ አባታችንን በመልክ እንኳ አላስታውሰውም። ያሳደገችኝ እህቴ ናት። በአሥራ ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ «እታለም» ነበር የምላት። ከማርቆስ ራቅ ባለች አንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሷ የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ ናት። ቀን የሁሉም ሰው ነበረች፤ ባለጉዳዩም ባለሥልጣኑም ይጠራታል። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን የኔ ብቻ ናት ብዬ አምን ነበር። አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው፤ እኔ በግድግዳው በኩል፣ እሷ በበሩ በኩል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው በዚያች ከተማ ብቻ ስለነበር፣ የገጠር ልጆች ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ከዚያ በቀደመው ዓመት የሦስት ሴት ልጆችን በር ሰካራሞች በእግራቸው ደበደቡት። በሩ አልተሰበረም። ልጆቹ ግን በማግስቱ እቃቸውን ተሸክመው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ጥር ሳያልፍ ሦስቱም ተዳሩ። እህቴ አንዱን ሠርግ ላስቀር ብላ ሄዳ፣ ሳይሆንላት ተመለሰች። የዚያን ቀን ሳትበላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በኔ ቦታ ተኛች።

የወረዳው ኃላፊዎች ለገጠር ሴት ልጆች ማደሪያ ለመሥራት የተሰበሰቡ ዕለት የሆነውን ኋላ የነገረችኝ እሷው ናት። ለዚህ የሚሆን በጀት የለም ሲባል ተነሥታ «በጀት ባይኖር ደመወዝ አለን» አለች። የወረዳው አስተዳዳሪ፣ ቀጭን፣ ሲናገር የሚያስለው ሰውዬ፣ «እኔም ሴት ልጆች አሉኝ፤ ይሁን» አለ። ስድስት ኃላፊዎች የሦስት ወር ደመወዛቸውን ሊተዉ ተስማሙ። ለማንም ላይናገሩም ተማማሉ። «ልጆቹ መንግሥት ሠራልን ይበሉ» አለችኝ እህቴ። «ሰው ሠራልን ካሉ አንገታቸውን ይደፋሉ። አንቺም አፍሽን ያዢ።»

ቀጥላም «ሦስት ወር ጠበቅ እንላለን። ትችያለሽ?» አለችኝ።

«እችላለሁ» አልኋት። እንደዚያ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሌላ ምን ይላል?

ቅቤ ከቤታችን ወጣ። ለትምህርት መክፈቻ ሊገዛልኝ የነበረው ጫማ ቀረና የአሮጌው ሶል በሽቦ ተሰፋ። እውነቴን ነው፣ ይህን ችዬዋለሁ። ያልቻልሁት ሌላ ነው።

ጥቅምት ላይ ማደሪያው ሲመረግ ኃላፊዎቹም ልጆቹም ጭቃ ሊረግጡ ወጡ። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ደብተሬን ይዤ ቆሜ ነበር። ፀሐዩ ያ በዝናብ ማግሥት የሚወጣው ንጹሕ ፀሐይ ነው። እህቴ ጭቃው ውስጥ ናት፤ አጠገቧ አንዲት ረጅም፣ ጠይም ልጅ እጇን ይዛ ትረግጣለች። የልጅቱ እግር አዳለጣት። ሁለቱም ተያይዘው ወደቁና ሳቁ። እህቴ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ልጅቱ ከጭቃው ስትነሣ «እታለም፣ ፊትሽ ላይ ጭቃ አለ!» ብላ በመዳፏ ጠረገችላት።

እታለም አለቻት። አንቺ አለቻት።

ያች ልጅ የሦስት ሰዓት መንገድ ከሚርቅ፣ ከወንዝ ማዶ ካለ ቀበሌ የመጣች ናት። እናቷ የሞተችው እንደኔው በልጅነቷ መሆኑን ስሰማ አላዘንሁላትም። እንዲያውም ይህንንም ወሰደችብኝ አልሁ።

ኅዳር ሲገባ ልጆቹ ማደሪያው ገቡ። አከራያችን ሐጂ ያለ ትርፍ ከቁይ ገበያ ቀይ አበባ ያለባቸው ብርድ ልብሶች አስመጡላቸው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት የኔ መሆኑ ቀረ። እህቴ ከሥራ ወጥታ ቀጥታ ወደዚያ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ልብሷ የሌላ ቤት ጭስ ይሸታል። አረንጓዴ ሹራቧን፣ ሲጠባት ይደርሰኛል ብዬ በሆዴ የያዝሁትን፣ አንድ ቀን ልጅቱ ላይ አየሁት። የፈተና ውጤት ሲነገር እሷ አንደኛ፣ እኔ ሦስተኛ ወጣን። እህቴ ቤት እንደገባች «ሰማሽ? አንደኛ ወጣች እኮ!» አለችኝ። የኔን የጠየቀችኝ ጫማዋን አውልቃ ከጨረሰች በኋላ ነው።

አንድ ዐርብ ከሰዓት እህቴ ለልጆቹ ቆሎ ላከችኝ። ማደሪያው ውስጥ ያገኘሁት ያችን ልጅ ብቻ ነበር። ሹራቡን ለብሳ፣ ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ ጣል አድርጋ ታነባለች። ስታየኝ ደስ ብሏት ተነሣች። «ነይ፣ ተቀመጪ» አለችኝ፤ እኔን በእህቴ ደመወዝ በተገዛ አልጋ ላይ!

«ይህን ቤት ማን የሠራላችሁ ይመስልሻል?» አልኋት።

«መንግሥት ነዋ።»

«እህቴ ናት። እሷና ባልደረቦቿ ደመወዛቸውን ትተው ነው። እግርሽ ላይ ያለው ብርድ ልብስ የኔ ጫማ ነው። አንቺ ሞቆሽ የምታድሪው እኔ ተርቤ ነው።»

ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ እንደ ታመመ ሰው ልብስ በቀስታ አነሣችው። «አላወቅሁም» አለች። እኔ ቆሎውን አስቀምጬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

በማግሥቱ ማለዳ እህቴ በር ስትከፍት ብርድ ልብሱ በአራት ታጥፎ ደፋችን ላይ ነበር፤ በላዩ ሹራቡ። ወደ ማደሪያው ሮጠች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሄዳለች። ምን አልሻት?»

«ምንም።»

«ምን አልሻት?»

ነገርኋት። ትመታኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብሁ፤ አልመታችኝም። «ጫማሽን አድርጊ» አለችኝ ብቻ።

ሦስቱን ሰዓት በእግራችን ሄድን። አንዲትም ቃል አልተነፈሰችኝም። ወንዙን ስንሻገር ግን እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ማዶ ስንደርስ ለቀቀችኝ።

የልጅቱ አባት ደጃቸው ላይ ሞፈር ሲጠርቡ አገኘናቸው። በልጅነታቸው ዲማ ገዳም ቅኔ ተምረው፣ ኋላ ወደ እርሻ የተመለሱ ሰው ናቸው። ተነሥተው ተቀበሉን፤ ጠላ ቀዱልን፣ ባቄላ ቆልተው አቀረቡልን። እህቴ ያመጣችውን ብርድ ልብስ ሲያዩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደግ አደረግሽ ልጄ፣ ግን ይቅርብን። እኛ ቤት ብርዱ ራሱ ልብስ ነው» አሉ።

«አባቴ፣ እኔ የመጣሁት ለልጅቱ ነው» አለች እህቴ። «ጥፋቱ የዚች ነው። ራሷ ትንገርዎ።»

ተነሥቼ ቆምሁ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«የተናገርሽው ውሸት ነው?»

«ተርቤ ያልሁት ውሸት ነው።»

«ሌላውስ?»

እህቴን አየኋት፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። «ሌላው እውነት ነው» አልሁ።

«እንግዲያው ለውሸቱ እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። ለእውነቱ ይቅርታ አይጠየቅም፤ የኛ ዕዳ ነው» አሉ። ጥቂት አስበውም ወደ እህቴ ዞሩ። «ልጄን እልካታለሁ። ግን በየወሩ በአህያ እህል አመጣለሁ። ለእሷ ብቻ አይደለም፣ እዚያ ቤት ላሉት ሁሉ ነው። እምቢ ካልሽኝ አልልካትም።» እህቴ እሺ አለች።

ልጅቱ አውድማ ላይ ነበረች። ብቻዬን ሄድሁ። ገብስ ነዶ ተሸክማ ከርቀት አየችኝና አውርዳ ጠበቀችኝ። ላቧን በክንዷ ጠረገች።

«እውነት ተርበሽ ነበር?» አለችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህን ነው።

«አይ። አልተራብሁም።»

በረጅሙ ተነፈሰች። «ትናንት ስተኛም፣ ዛሬ ስመጣም የማስበው እሱን ብቻ ነበር» አለችና ነዶዋን መልሳ ተሸከመች።

ሰኞ ዕለት ከአባቷና ከተጫነች አህያ ጋር መጣች። የራሷን ጋቢ ይዛለች። እህቴ መንገድ ላይ ልትቀበላት ወጣች፤ እኔም ከኋላዋ ነበርሁ። ልጅቱ ቀርባ በሁለት እጇ ጨበጠቻትና «እንደምን አደሩ?» አለቻት።

እህቴ ልታቅፋት የዘረጋችው ክንድ ወረደ። «ደኅና ነኝ። አንቺስ?» አለች።

እስክትመረቅ ድረስ ከዚህ ሌላ አጠራር አልነበራትም። እርስዎ፣ ይምጡ፣ ይቀመጡ። አባቷም በየወሩ፣ አንድ ወር እንኳ ሳያጓድሉ፣ እህሉን አመጡ። እህቴ ደግሞ ቀስ በቀስ በጊዜ ቤት መግባት ጀመረች። ሽሮውን ትሠራለች፤ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ የቤት ሥራዬን ታያለች። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ። የምታየው ግን ደብተሬን አልፋ ሌላ ቦታ ነበር። እኔም ሳላውቀው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማንበብ ለመድሁ፤ አንድ ሰው ከቤት ወጥቶ የቀረ ይመስል።

አሁን ሁሉም ሩቅ ነው። ስድስቱ ኃላፊዎች ተበታትነዋል። እህቴም ከኃላፊነት ወርዳ፣ እዚሁ ማርቆስ ከኔ ጋር ትኖራለች። ደመወዛቸውን መተዋቸውን ዛሬም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እሷም አታወራውም። ልጅቱ ሐኪም ሆናለች፤ ሩቅ ቦታ ነው የምትሠራው።

በዓል ሲሆን ትደውላለች። ባለፈው ፋሲካም ከሰዓት በኋላ ደወለች። እህቴ ስልኩን ይዛ ግቢ ወጣች። እኔ ሳህን እያጠብሁ ነበር፤ እንዳይንኳኳ አድርጌ ማጠብ ጀመርሁ። ድምጿ ይሰማኛል፤ ቃሉ አይደርሰኝም። አንድ ጊዜ ሳቀች። ይህን ዕድሜ ይዤ፣ እጄ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ ቀናሁ።

ስትገባ ዓይኗ እርጥብ ነበር። «ደኅና ናት» አለችኝና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ሰላም ብላሻለች አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋት።